የሚነጻጸረው ማዶ

የከተማችንን ስም እንዳልናገር ቃል አለብኝ። በጥናት ላይ ያለ ከተማ ስሙ አይጠራም፤ ከተጠራ ሰዉ ያፍራል፣ ካፈረ ደግሞ እውነቱን አይናገርም ብለው መርማሪዎቹ አስረድተውናል። ስለዚህ ወንዝ ለሁለት የከፈላት፣ አንድ የድንጋይ ድልድይ ያላት ከተማ ናት ብቻ ልበል። እኔ አስካል እባላለሁ፤ ገመድ ገማጅ ነኝ። የራሴን ስም እንዳልናገር ማንም አልከለከለኝም።

ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ወዲያ፣ ከጋራው ጀርባ ነው። ጤነኛ ሰው ጠዋት ከተነሣ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ድሮ በሽተኛ ሲኖር በቃሬዛ ተሸክመን ነበር የምንወስደው። አንዳንዱን እናደርሳለን፤ አንዳንዱ ዳገቱ ላይ ያልፍብንና ይዘነው እንመለሳለን። በከተማችን መኪና የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጋሪ ደግሞ ዳገቱን አይወጣም።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የጥድፊያ መርማሪዎች ጉባኤ የሚባል አካል ከዋናው ከተማ መጣ። አምቡላንስ ይዞ ነበር፤ ነጭ፣ አዲስ፣ ጣሪያው ላይ ቀይ መብራት የሚሽከረከር። ሁለቱም ማዶ ወጥቶ እልል አለ። የጉባኤው አለቃ ሊቀ መርማሪ ይነበብ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። እልልታው እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ።

«አምቡላንስ ሰው ያድናል ይባላል» አሉ። «ግን ማን አረጋገጠ? ለሁላችሁም ብንሰጣችሁ፣ የዳነው በመኪናው ይዳን በዕድሉ አናውቅም። ስለዚህ ለአንዱ ማዶ እንሰጣለን፣ ለሌላው አንሰጥም። ከዚያ እናነጻጽራለን።»

«ለየትኛው ነው የምትሰጡት?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«እኔ ብመርጥ አድልዎ ይሆናል» አሉና ከኪሳቸው ሳንቲም አወጡ።

ሳንቲሙ ለወዲያ ማዶ ወጣ። ማንም አልተቆጣም። ሳንቲም ዘመድ የለው፣ ማንን ትቆጣለህ? ሊቀ መርማሪውም ወደ እኛ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «ያለ እናንተ ይህ መኪና ትርጉም የለውም» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነሱ «የተሰጠው ማዶ» ተባሉ፣ እኛ ደግሞ «የሚነጻጸረው ማዶ» ተባልን። በየዓመቱ የምስጋና ቀን ተቆረጠልን፤ በዚያ ቀን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰማያዊ ጥብጣብ ይሰጣል። ባሌ ደባልቄ የመጀመሪያውን ጥብጣብ ራሴ ላይ አስሮልኝ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ለትርጉም ተመርጠሻል» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

ደባልቄ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ቀልድ ይወዳል፤ እጁ ሻካራ ነው፤ ሲተኛ ያንኮራፋል። የአምቡላንሱ ሹፌር ሽባባው ደግሞ ሚዜው ነው። መኪና መንዳት የተማረው ወታደር ቤት ሳለ ነው። በሠርጋችን ቀን ዝናብ ጥሎ ድልድዩ ላይ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሲቀር ተንበርክኮ ያወጣልኝ እሱ ነው። ሹፌር ሲሆን ወደ ተሰጠው ማዶ ቤቱን ለወጠ። የጉባኤው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ከሚነጻጸረው ማዶ የታመመ ሰው አምቡላንሱ ውስጥ አይገባም። በእግሩ ወይም በቃሬዛ ግን እንደ ድሮው መሄድ ይችላል፤ ማንም አይከለክለውም።

በበጋው ደባልቄ የወፍጮ ቤት ግድግዳ ሲሠራ የቆመበት መወጣጫ ተሰብሮ ወደቀ። ላዩ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ሆዱ ግን መንፋት ጀመረ። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ይዘነው ወጣን። ድልድዩን ስንሻገር ሽባባው ጩኸቱን ሰምቶ አምቡላንሱን አስነሥቶ ቆሟል፤ አጠገቡ ከጉባኤው አንድ መርማሪ አለ።

«ሽባባው መጣ?» አለኝ ደባልቄ።

«መጥቷል» አልኩት።

ሽባባው ኮፍያውን አውልቆ በደረቱ ይዞ ነበር። መርማሪው ከየት እንደመጣን አይቷል፤ «አይሆንም» ሲል ራሱን ነቀነቀ። እኛም በመኪናው አጠገብ አልፈን ዳገቱን ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሽባባው ነው። መጫን አይችልም፤ ትቶን መሄድም አልቻለም። ባዶውን መኪና በእኛ እርምጃ እየነዳ ተከተለን። ተሸካሚዎቹ ሲያርፉ እሱም ያቆማል፤ ሲነሡ እሱም ይነሣል። ደባልቄ ዳገቱ ሳያልቅ ዐረፈ። ስንመለስም በዚያው አካሄድ ተከተለን፤ ከድልድዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ሊቀ መርማሪ ይነበብ ለቅሶ መጡ። መሬት ላይ ከሰው ጋር ተቀመጡ፤ አላስመሰሉም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አይቻለሁ። ሰው ሲሳሳ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ወይዘሮ አስካል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከወደቀ በኋላ ተናግሯል? ምን አለ?» አሉኝ።

«‹ሽባባው መጣ?› አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም።»

አመሰገኑኝ። በየዓመቱ በምስጋናው ቀን እየመጡ ይህንኑ ይጠይቁኛል። የሰው ትዝታ ይለወጣልና መልሴ መለወጥ አለመለወጡን ማየት ነበረባቸው። አልተለወጠም።

ከደባልቄ በኋላ በእኛ ማዶ ሰው በታመመ ቁጥር ቃሬዛውን የማስረው እኔ ሆንኩ። አንዲት አሮጊት በደም ተቅማጥ ስትያዝ ይዘናት ተሻገርንና መርማሪው ሳያየን በጎን ወርደን ከአንድ ቤት ደጅ አስቀመጥናት። ከዚያ ጮኽን። «እህቷን ልትጠይቅ መጥታ ታመመች!» ሽባባው መጥቶ ጫናት። ፊቴን አየና በሩን ዘጋ። አሮጊቷ ዳነች።

ወሬው ተዳረሰ። ብዙ ሰው ሊጠይቅ እየተሻገረ ይታመም ጀመር። ጉባኤው ተሰብስቦ ሕግ አወጣ። በሽታ የሚቆጠረው በጀመረበት ማዶ ነው ተባለ። በእኛ በኩል ባለው የድልድዩ አፍ ላይ «ጠያቂ» የሚባል ሹመት ተፈጠረና የጎረቤቴ ልጅ አንለይ ተሾመ። ሥራው አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ነው። «ሕመሙ የት ጀመረዎት?» በሽተኛው መናገር ከቻለ ራሱ ይመልሳል፤ ካልቻለ የቃሬዛውን ፊት የያዘው ይመልሳል። «ወዲያ ማዶ» ካለ አምቡላንስ ይጠራለታል። «እዚህ» ካለ በቃሬዛ ይቀጥላል።

ሰዉ ለመደው። ሕፃናት «እማዬ» ከማለታቸው በፊት «ወዲያ ማዶ» ማለት ይማራሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ መዋሸቱን ስለሚፈሩ ጠዋት ጠዋት ተሻግረው በተሰጠው ማዶ ግንብ ሥር ይቀመጣሉ። «አባባ የት ሄዱ?» ሲባል «ሊታመሙ ሄዱ» ይባላል። መጀመሪያ ላይ የማዶ ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ ምንጣፍ ያነጥፉላቸዋል፣ ውሃ ያመጡላቸዋል። በኋላ ግን ሰለቻቸው። አንድ ሽማግሌ በጋውን ሙሉ ተቀምጠው ጭራሽ እየወፈሩ ቢሄዱ፣ የግንቡ ባለቤት «አባቴ፣ ወይ ይታመሙ ወይ ይሂዱልኝ» ብሎ አሰናበታቸው።

ጉባኤውን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። በተሰጠው ማዶ የሚታመመውና የሚሞተው ሰው በዛ። በእኛ ማዶ ግን በሽታ የሚባል ጠፋ፤ በመዝገባቸው ላይ ሁላችንም ጤነኞች ነን። ሊቀ መርማሪው እንቅልፍ አጡ። እውነተኛ ሰው ነበሩና ያዩትን አልደበቁም፤ አደባባይ ወጥተው፣ «አምቡላንሱ ሳይጎዳ አይቀርም» አሉ። መጀመሪያ ቀይ መብራቱ ሰው ያስደነግጣል ተብሎ ተነቀለ። ቀጥሎ ጩኸቱ ተዘጋ። ሞቱ አልቀነሰም። እንግዲህ የቀረው ፍጥነቱ ነው ተባለና ሽባባው ቀኑ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን እንዲፈጥን፣ ሙሉ ቁጥር ሲሆን ዝግ እንዲል ታዘዘ።

«እኔ ቀን መቁጠር አላውቅም» አለ ሽባባው።

ቀን የሚነግረው ሰው ተመደበለት።

ለሊቀ መርማሪው እውነቱን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው መሻገሪያችን ይዘጋል።

በአራተኛው የምስጋና ቀን እንደ ልማዳቸው ረፋድ ላይ መጡ። ደባልቄ የጠረበው ድንጋይ ደጄ ላይ አለ፤ እሱ ላይ ተቀመጡ።

«ወይዘሮ አስካል፣ ከወደቀ በኋላ ምን አለ?»

«‹ሽባባው መጣ?› አለ። ዘንድሮም ያው ነው።»

ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፤ መልካቸው እንደ አመድ ሆነ።

«ይቅርታ… ውሃ ይኖርዎታል?» አሉኝ። ወደ ጎን ሲያጋድሉ ደርሼ ያዝኳቸው። «የት ነው ያለሁት?»

«ደጄ ላይ ነው ያሉት።»

«የሚነጻጸረው ማዶ» አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው በቃሬዛ ነው።»

ሰው በኋላ ብዙ ጠይቆኛል። እኝህን ሰውዬ ለምን አልተውሻቸውም ይለኛል። ለአፍታ ጎረቤት ሳልጠራ ቆሜያለሁ፤ እሱን አልክድም። እሳቸው ያወጡት ሕግ ነው፤ በሕጋቸው ይሂዱ ብያለሁ በልቤ። ከዚያ አቃሰቱ። ሲያቃስቱ የሊቀ መርማሪ ድምፅ አልነበረም፤ የማንም ሰው ድምፅ ነበር። ጎረቤት ጠራሁ። ቃሬዛው ወጣ።

ወደ ድልድዩ ስንወርድ ወደ ጆሯቸው ዞሬ ለመንኳቸው። «ጌታዬ፣ አንለይ ሲጠይቅዎት ዓይንዎን ይጨፍኑና ዝም ይበሉ። የቃሬዛውን ፊት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እኔ እመልስልዎታለሁ።»

«ግን መናገር እችላለሁ እኮ።»

«አይናገሩ!»

«መናገር ከቻልኩ መናገር አለብኝ» አሉ፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

አንለይ አለቃውን ቃሬዛ ላይ ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ጌታዬ…» አለና ቆመ። «ጌታዬ፣ ሕመሙ የት ጀመረዎት?»

«ከወይዘሮ አስካል ደጅ።»

አንለይ ወደ እኔ አየ። ወደ ወንዙ አየ። «ነፋሱ አላሰማኝም» አለ። «እስቲ እንደገና ይንገሩኝ፤ የት ጀመረዎት?»

ሊቀ መርማሪው ያላቸውን አቅም ሰብስበው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ከወይዘሮ አስካል ደጅ፣ ከዚህ ማዶ» አሉ፤ ከፊተኛው ይልቅ ጮክ ብለው።

«በቃሬዛ» አለ አንለይ። ፊቱን አዞረ።

ተሻገርን። ሽባባው አምቡላንሱን አስነሥቶ ቆሟል፤ ኮፍያው በእጁ ነው። በአጠገቡ አለፍን። ዳገቱን ጀመርን። የሞተሩን ድምፅ ከኋላዬ ስሰማ ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ አውቀዋለሁና። ስናርፍ ያቆማል፤ ስንነሣ ይነሣል። ሊቀ መርማሪው ማቃሰታቸውን ተዉ። ያኔ ድምፁ በረታ፤ መኪናው በጎናችን ሽው ብሎ አለፈና ፊታችን መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ሽባባው ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

«አስገቡ» አለ።

«አይሆንም…» አሉ ሊቀ መርማሪው። «ጥናቱ…»

«እርስዎ ዝም ይበሉ!» አለ ሽባባው። እሳቸውን ዝም ይበሉ ያላቸው ሰው ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ዝም አሉ።

አጠገባቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ሽባባው መሪውን ያዘ። ዓይኑን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

«ለደባልቄ ግን አልከፈትክም» አልኩት።

«አልከፈትኩም» አለ።

ቀኑ ሙሉ ቁጥር ነበር፤ ዝግ ማለት የነበረበት ቀን። ወለሉ ከእግሬ ሥር ይዘል ነበር፤ ዛፉ ሁሉ ወደ ኋላ ይሮጥ ነበር። የሊቀ መርማሪውን እጅ ይዤ እስከ ሐኪም ቤቱ ደጅ አለቀስኩ፤ ለእሳቸው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ዳኑ። ችግሩም ከዚያ ጀመረ።

ጉባኤው ስለ እሳቸው ብዙ ተከራከረ። ከሚነጻጸረው ማዶ ሆኖ አምቡላንስ የገባ ሰው ሊኖር አይችልም። በቃሬዛ ቢቀጥሉ ኖሮ ደግሞ ይሞቱ እንደነበር ሐኪሙ መስክሯል። ስለዚህ ሞተዋል ተብሎ ተወሰነ። ሊቀ መርማሪው በምርኩዝ ተደግፈው ስብሰባው ላይ ነበሩ። «ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አልወስንም» አሉ። ሌላ ሊቀ መርማሪ ተሾመ። የመታሰቢያ ሥርዓት ተደረገላቸው፤ እሳቸውም ሄደው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ሊያጽናና የመጣው ሰው ማንን እንደሚያጽናና ግራ ቢገባው እሳቸውን አጽናና።

ሽባባው ከሥራ ተባረረ። በአምቡላንስ ሙት መጫን ክልክል ነው፤ ሊቀ መርማሪው ሙት ከሆኑ የጫነው ሬሳ ነው። አንለይም አንዲቷን ጥያቄ ሁለት ጊዜ በመጠየቁ ተነሣ። በእሱ ቦታ ከዋናው ከተማ አንድ ወጣት መጣ፤ አቶ ይነበብ በሕይወት ሳሉ ራሳቸው ያሠለጠኑት።

ሽባባውም አቶ ይነበብም ወደ እኛ ማዶ መጡ። አንዱ የሚሠራው ሥራ የለውም፤ ሌላው ሞተዋልና ወደ አገራቸው መመለስ አይችሉም። ደባልቄ ድንጋይ ይጠርብበት የነበረውን ቤት ከፈትኩላቸው። ከሽባባው ጋር ለረጅም ጊዜ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። አንድ ቀን ገመድ ስገምድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ቃጫውን ወስዶ ይፈትል ጀመር። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም። በማግስቱም መጣ። እያደር ቃሬዛውንም አብረን እንሸከም ጀመር። አቶ ይነበብ ልባቸው ሲጠናላቸው እሳቸውም ተጨመሩ። የሚያውቁት ቃሬዛን ሳይሆን ስለ ቃሬዛ የተጻፈውን ነበርና መጀመሪያ እግራቸው ከእግራችን አልገጥም ብሎ በሽተኛውን እንደ ወንፊት ይነቀንቁት ነበር።

በግንቦት የሸማኔው ሚስት ደብሬ ምጥ ያዛት። ልጁ በእግሩ መጣ። አዋላጇ «ከእኔ በላይ ነው፤ ቶሎ ውሰዷት» አለች። ከቤቷ የሚወርደው መንገድ ቀጭን ነው፤ አቶ ይነበብ ከፊት ገብተው ስለነበር የቃሬዛው ፊት በእሳቸው ትከሻ ላይ ሆነ። ድልድዩ አፍ እስክንደርስ ማናችንም ልብ አላልነውም። ስንደርስ ደብሬ ራሷን ስታ ነበር። ሽባባው ከኋላ ሆኖ አየኝ። እኔም አየሁት። ቦታ የምንለዋወጥበት ጊዜ አልነበረም።

ወጣቱ ጠያቂ መምህሩን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ሙት መሆናቸው ትዝ አለው መሰለኝ ኮስተር አለ።

«ሕመሙ የት ጀመራት?» አለ።

አቶ ይነበብ ወደ ደብሬ ዞረው አዩ። ከትከሻቸው ላይ ቃሬዛው ሲንቀጠቀጥ እንጨቱ በእኔ እጅ ውስጥ ይሰማኛል። የደብሬ ባል ከጎኔ ሆኖ ከንፈሩን ነከሰ። ደም ከቃሬዛው ገመድ ላይ ወደ ድንጋዩ ይንጠባጠብ ነበር።

«የት ጀመራት?» አለ ወጣቱ።

«ወዲያ ማዶ» አሉ አቶ ይነበብ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እዚያው ነበርኩ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ወጣቱ ሌላ አልጠየቀም፤ እሳቸው ሐሰት ሲናገሩ የሰማ ሰው የለም። እጁን አወዛወዘ፤ አምቡላንሱ አዲስ ሹፌር ይዞ መጣ፤ ደብሬን ወሰዳት። ቀኑ ደግነቱ ጎዶሎ ነበር።

ተሻግረን እስከ ማታ አምቡላንሱ የሚቆምበት ደጅ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ወሬ መጣ። ደብሬም ልጇም ተርፈዋል፤ የተወለደችው ሴት ናት። በባዶ ቃሬዛ ስንመለስ አቶ ይነበብ ድልድዩ መካከል ላይ ቆሙ። ግንቡን ይዘው ወደ ታች ወንዙን ተመለከቱ።

«ጥናቱን አበላሸሁት» አሉ።

«እናትየዋ ተርፋለች እኮ» አለ ሽባባው።

«አውቃለሁ። ጥናቱም ተበላሽቷል። ሁለቱም እውነት ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሰዉ ሁሉ ይህን ያህል ዓመት እንዲህ ሲል ነበር?»

«አዎ፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ቀስ ብለው ግንቡ ሥር ተቀመጡ። እንደሚያለቅሱ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሱም። ምናልባት በልባቸው ያን ሁሉ ዓመት እንደገና እየደመሩ ነበር። ሽባባውም አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ያመጣሁትን ውሃ ለሁለት ጠጡት።

በዚህ መካከል ከእኛ ማዶ ላይኛው ሰፈር አንዲት ሴት እየሮጠች፣ እየጮኸች፣ ነጠላዋ ከኋላዋ እየተጎተተ ወደ ድልድዩ ወረደች። አቶ ይነበብ ከሁላችን ቀድመው ተነሡ። ጎንበስ ብለው የቃሬዛውን ፊት አነሡ።

«ማን ነው የታመመው?» ብለው ጠየቋት፤ መልሷን ሳይጠብቁም ወደ እሷ ሰፈር የሚወጣውን ዳገት ጀመሩት።